«ቲልት»፦ ስለ ፒንቦል ማሽን ሥራ መዳከም በተሠራ ፊልም ላይ የቀረበ ሒስ

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ልብ ወለድም ስለ ግጥምም አይደለም። «ቲልት፦ ፒንቦልን ለማዳን የተደረገ ትግል» በሚል ርእስ ግሬግ ማሌቲክ የተባለ አሜሪካዊ በ2006 ስላወጣው ዘጋቢ ፊልም ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) «የመጫወቻ ማሽን ፊልም ከሥነ ጽሑፍ መጽሔት ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ መኖሩ አይቀርም። ፊልሙ ግን አንድ ትልቅ የድርሰት ጥያቄ ይዟል፤ ይኸውም መጨረሻው አስቀድሞ የታወቀን ታሪክ እንዴት መተረክ ይቻላል የሚለው ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ እኛን ነገ ከነገ ወዲያ የሚመለከተን ነገር አለበት፤ ሥራውን ጠንቅቆ የሠራ ሰው፣ ሥራው አምሮለት እያለ፣ «በቃ አንፈልገውም» ሲባል ምን ይሆናል?

ፒንቦልን በዓይኑ ላላየ እንንገረው። በአራት እግር የቆመ፣ ወገብ ድረስ የሚደርስ፣ ወደ ተጫዋቹ ያዘነበለ ሳጥን ነው። ከላዩ መስተዋት ተገጥሞለታል። ሳንቲም ይከተታል፤ ስፕሪንግ ያለው መግፊያ ተስቦ ሲለቀቅ የብረት ኳሷ ወደ ላይ ትፈናጠራለች። ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ ወደ ታች ይጎትታታል፣ ተጫዋቹ በግራና በቀኝ ቁልፍ እየተጫነ ፍሊፐር በሚባሉት ሁለት አጫጭር ክንፎች መልሶ ይመታታል። በክንፎቹ መሐል ካመለጠች አለቀ። ጆተኒ እየተጫወተ ያደገ ሰው የእጅ አንጓ የራሱ ዕውቀት እንዳለው ስለሚያውቅ ብዙ ማስረዳት አያሻውም። ልዩነቱ፣ ጆተኒ ላይ ባላጋራህ ሰው ነው፤ እዚህ ግን ባላጋራህ ቁልቁለት ነው።

ክንፎቹ ከመጀመሪያው አልነበሩም። በ1930ዎቹ ዓመታት ኳሷን ወርውሮ የት እንደምትወድቅ ማየት ነበር፤ ከዚያ በላይ ተጫዋቹ ማድረግ የሚችለው ሳጥኑን መነቅነቅ ነው። ክንፍ የመጣው በ1947 ጎትሊብ የተባለው የቺካጎ ፋብሪካ «ሃምፕቲ ደምፕቲ» የተባለውን ማሽን ሲያወጣ ነው። ስለዚህም ነው ብዙ ባለሥልጣኖች ፒንቦልን ከቁማር ለይተው ያላዩት። የኒው ዮርኩ ከንቲባ ላጋርዲያ በ1942 ጨዋታውን አግዶ ማሽኖቹን በመዶሻ እስከ ማሰባበር ደርሷል። እገዳው የተነሣው በ1976 ነው። አነሣሡም ደስ ይላል፦ ሮጀር ሻርፕ የተባለ ጸሐፊ በከተማው ምክር ቤት ፊት ማሽን አስቀርቦ፣ ኳሷን በየት በኩል እንደሚልካት አስቀድሞ ተናግሮ፣ እንዳለውም ላካት። የችሎታ እንጂ የዕድል ጨዋታ አለመሆኑ በዚያ ታየ። ይህችን ታሪክ አንባቢ ይያዝልን፤ እንመለስባታለን።

ወደ ፊልሙ እንግባ። ባለ ታሪኩ ዊልያምስ የተባለው የቺካጎ ድርጅት ነው። የመሠረተው ሃሪ ዊልያምስ ሲሆን፣ ሳጥኑ ከልክ በላይ ሲነቀነቅ ጨዋታውን የሚያቋርጠውን መሣሪያ፣ ማለትም «ቲልት» የሚባለውን፣ የፈጠረውም እርሱ ነው። የፊልሙ ርእስ ከዚሁ የመጣ ነው። ዊልያምስ በ1988 የባሊን የፒንቦል ክፍል ገዝቶ ጠቅልሎት ነበር። በ1992 ፓት ሎውለር የነደፈው «አዳምስ ፋሚሊ» ከ20,000 በላይ ተሸጠ። በኤሌክትሮኒክስ ዘመን ከተሠሩት ፒንቦሎች የዚህን ያህል የተሸጠ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ግን መንሸራተት ሆነ። በ1996 ጎትሊብ ተዘጋ። የዊልያምስም አመራር ለፒንቦል ክፍሉ ቁርጡን ነገረው፦ ወይ አዲስ ነገር አምጡ፣ ወይ እንዘጋለን።

የመንሸራተቱን ምክንያት ፊልሙ በጥሩ ሁኔታ ያሳያል፤ እኛም ጠቅለል አድርገን እንለፈው። «ስፔስ ኢንቬደርስ» በ1978፣ «ፓክ ማን» በ1980 ሲመጡ ቡና ቤቱ ጥግ ላይ የነበረው ሳጥን ተፎካካሪ አገኘ። ቆይቶ ጨዋታው ራሱ ቤት ገባ፣ ሳሎን ካለው ቴሌቪዥን ጋር ተያያዘ። በዚያ ላይ ፒንቦል ጣጣው ብዙ ነው። ኳሷ እውነተኛ ብረት ናት፣ የምትመታውም እውነተኛ ነገር ነው። ጎማው ያልቃል፣ አምፖሉ ይቃጠላል፣ ጠረጴዛው ይቆሽሻል። ማሽኑን በየቡና ቤቱ እያስቀመጠ ሳንቲም የሚሰበስበው ሰው በጠመንጃ መፍቻ ሲታገል ከመዋል ስክሪን ብቻ ያለውን ሳጥን ቢመርጥ ምን ይፈረድበታል?

አሁን ፊልሙ እውነተኛ ጉልበቱን የሚያሳይበት ቦታ ላይ ደረስን። ንድፍ አውጪዎቹ «ፒንቦል 2000» የተባለውን ይዘው ብቅ አሉ። ከዋነኞቹ አንዱ ጆርጅ ጎሜዝ ነው። ዘዴው ሲነገር ቀላል ነው። በማሽኑ ራስ ውስጥ ወደ ታች የሚያይ የቴሌቪዥን ስክሪን አለ። ምስሉ ተገልብጦ ተሠርቶ ጠረጴዛውን በሸፈነው መስተዋት ላይ ያርፋል፤ መስተዋቱ ያንጸባርቃል፣ በስተጀርባውም ያሳያል። ስለዚህ ተጫዋቹ ሲያየው ምስሉ ጠረጴዛው ላይ፣ ከኳሷ አጠገብ የቆመ ይመስለዋል። ኳሷ እውነተኛውን ዒላማ ስትመታ ከማርስ የመጣው ፍጡር ይፈነዳል። ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም፤ በ1862 ለንደን ላይ ፔፐር የተባለ ሰው መድረክ ላይ መንፈስ ያስወጣበት የመስተዋት ዘዴ ነው። ለቲያትር የተሠራ የመቶ ሠላሳ ዓመት ብልሃት አንድን ፋብሪካ ሊያድን ሲጠራ ማየት ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ሰዎች ሊያስደስተን ይገባል። አንድ ጓደኛችን «ይኼማ ሰምና ወርቅ ነው፣ ኳሷ ሰም፣ ምስሉ ወርቅ» ብሎ ነበር። አልተቀበልነውም፤ በቅኔ ወርቁ ከሰሙ ተፈልቅቆ ይወጣል እንጂ ከላይ አይለጠፍም።

ይህንን የምንለው ለቀልድ ብቻ አይደለም። ፊልሙ «ፒንቦል 2000»ን የሚያየው በፈጠሩት ሰዎች ዓይን፣ በአድናቆት ነው። አድናቆቱ አይከፋም፣ ይገባቸዋልም። ነገር ግን አንድ ሐያሲ ሊጠይቀው የሚገባውን ጥያቄ ዳር ዳር እያለ ያልፈዋል። ስክሪኑ የጠረጴዛውን የኋላ ግማሽ ወሰደ። በ«አዳምስ ፋሚሊ» ላይ ያን ቦታ የያዙት መወጣጫዎች፣ ከሥር የተደበቁት ማግኔቶች፣ ሣጥን ውስጥ ሆና ኳስ የምትይዘው እጅ ናቸው፤ ሁሉም የሚነኩ ነገሮች ናቸው። ምስል ግን ኳስን አይገፋም፣ አያነጥርም። ተጫዋቹ የሚያየው ሌላ፣ ኳሷ የምትነካው ሌላ ሆነ። እንግዲህ ፒንቦልን ከቪዲዮ ጨዋታ ለማዳን ቪዲዮውን ራሱን ከፒንቦሉ ላይ መጫን ማዳን ነው ወይስ እጅ መስጠት? ከእኛ መካከል ሁለቱን ወገን የያዙ አሉ። ሚዛኑ ግን ለኛ ወደ እጅ መስጠቱ ያደላል። ይህን ጥያቄ ማሌቲክ ገፍቶ ቢጠይቅ ኖሮ ፊልሙ ከድንቅ ታሪክነት አልፎ ክርክር ይሆን ነበር።

የመጀመሪያው ማሽን፣ «ሪቬንጅ ፍሮም ማርስ»፣ በ1999 መጀመሪያ ወጣ። ከ6,800 በላይ ተሸጠ። ቀጥሎ «ስታር ዋርስ ኤፒሶድ ዋን» መጣ፤ እርሱ 3,500 ገደማ ነው የተሸጠው። በጥቅምት 25 ቀን 1999 ዊልያምስ የፒንቦል ክፍሉን ዘጋ። ሎውለር ሦስተኛውን ማሽን እየሠራ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብን። ሰዎቹ የተባሉትን አላደረጉም እንዴ? «አዲስ ነገር አምጡ» ተባሉ፣ አመጡ። የመጀመሪያው ማሽን በዚያ በደከመ ገበያ ውስጥ በጎ ሸጠ። ታዲያ ለምን ተዘጋ? መልሱ ድርጅቱ ከስሮ ስለነበረ አይደለም። ድርጅቱ ሌላ ማሽን ይሠራ ነበር፤ በካዚኖ የሚቀመጠውን የቁማር ማሽን። እርሱ እያደገና ትርፍ እያዛቀ ነበር። አንድ ዶላር ፒንቦል ላይ ማዋልና ቁማር ላይ ማዋል በሒሳብ ሰው ዓይን ሲመዘን ፒንቦል አለቀለት። «በጎ መሸጥ» አይበቃም ነበር፤ ከቁማሩ የበለጠ ማትረፍ ነበረበት። ይህን ደግሞ የትኛውም ንድፍ አውጪ፣ የፔፐርን መንፈስ ቀርቶ እውነተኛ መንፈስ ቢያስወጣ፣ አያመጣውም።

አሁን ሮጀር ሻርፕን እናስታውስ። በ1976 ፒንቦል ነጻ የወጣው «ቁማር አይደለም» ተብሎ፣ ያውም በአንዲት ኳስ ተመስክሮለት ነው። በሃያ ሦስት ዓመቱ የተሸነፈው በቁማር ማሽን ትርፍ ነው። ሻርፕ ራሱ ደግሞ በኋላ በዊልያምስ ውስጥ ሲሠራ የነበረ ሰው ነው። ይህን ምጸት አንድ ደራሲ ቢፈጥረው «ተጋኗል» እንለው ነበር፤ ሕይወት ግን ጽፎ አስቀምጦታል። የፊልሙ ዋና ድካም እዚህ ጋ ነው ብለን እናምናለን። የትረካውን ክብደት «ፈጠራው ይሳካ ይሆን ወይ» በሚለው ጉጉት ላይ ጫነው። ተመልካች ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቀው ማሽኑ ይሠራ እንደሆነ ነው። ፍርዱ ግን የተሰጠው በሌላ ክፍል፣ በሒሳብ መዝገብ ላይ ነው። ካሜራው ከንድፍ ጠረጴዛው ይልቅ እዚያ ክፍል ደጃፍ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቢቆም ምን ነበረበት?

ሌላም ቅሬታ አለን። ርእሱ «ትግል» ይላል፤ ታጋዮቹ በአብዛኛው ስማቸው የሚታወቅ ንድፍ አውጪዎች ናቸው። እነርሱ ሲናገሩ መስማት ደስ ይላል፤ ቀልደኞች ናቸው፣ ቁስላቸውንም አይደብቁም። አንድ ፒንቦል ግን በሺህ ከሚቆጠሩ ቁርጥራጮች የሚገጣጠም ነገር ነው። ሽቦውን አንድ በአንድ የምትበይደው፣ ጎማውን የምታጠልቀው፣ ክንፉ ልክ መምታቱን የምትፈትነው ሴት በዚያ የጥቅምት ቀን ወዴት ሄደች? ንድፍ አውጪው ሌላ ቦታ ይነድፋል። ጎሜዝ በኋላ ስተርን የተባለው ፋብሪካ ገብቶ ፒንቦል መንደፉን ቀጥሏል። የመበየጃዋ ሴት እጅ የለመደውን ሥራ ማን ገዛው? ስለ አንድ ሙያ መዳከም የሚተርክ ፊልም ይህን በጥቂቱ ሳይሆን በሰፊው ሊነግረን ይገባ ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ ፊልሙን እዩት እንላለን። ብሬት ሱሊቫን በ2009 የሠራው «ስፔሻል ዌን ሊት» የሚባል ሌላ የፒንቦል ዘጋቢ ፊልም አለ፤ እርሱ ተጫዋቾችንና ሰብሳቢዎችን ይዞ ዘና ብሎ የሚሄድ ነው። «ቲልት» የሚበልጠው አንድ ክፍል፣ ጥቂት ሰዎች፣ አንድ ቀነ ገደብ ስለያዘ ነው፤ ተመልካቹ መጨረሻውን እያወቀ እንኳ ያንን ማሽን «በርታ» ይለዋል። ይህ የአቀናባሪው ትልቅ ችሎታ ነው፣ አንነፍገውም።

ፊልሙ ሲወጣ በዓለም ላይ በፋብሪካ ደረጃ ፒንቦል የሚሠራ የቀረው ስተርን ብቻ ስለነበር አየሩ የልቅሶ ቤት አየር ነው። ልቅሶው ግን ቸኩሏል። በ2011 ጀርሲ ጃክ የሚባል አዲስ ፋብሪካ ተመሠረተ፣ ሌሎችም ተከተሉ፤ ስተርንም በ2015 ወደ ሰፊ ፋብሪካ ተዛወረ። የተለወጠው ገዢው ነው። ዛሬ አዲስ ፒንቦል በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣል፤ ብዙውንም የሚገዛው ቡና ቤት ሳይሆን በወጣትነቱ ሳንቲም እየከተተ ያደገና አሁን ገንዘብ ያለው ሰው ነው፤ ቤቱ ያስቀምጠዋል። ሳንቲም መክተቻው እንደ ድሮው ከፊት አለ፤ ማሽኑ ግን ያለ ሳንቲም እንዲሠራ ተደርጎ ይስተካከላል። በዚህ ላይ የተለየ አስተያየት ያላችሁ፣ በተለይም «ፒንቦል 2000 እጅ መስጠት አልነበረም» የምትሉ፣ ለሚቀጥለው እትም ጽፋችሁ አምጡልን፤ ገጽ እንተውላችኋለን።