የዛፉ ቁጥር

የቡና ቅጠል ዋግ ከፊት ሲታይ የደበዘዘ ቢጫ ነጥብ ነው። ብርቱካናማው ዱቄት ያለው በቅጠሉ ጀርባ ነው። ስለዚህ በሽታውን በፎቶ የሚለይ ሞዴል ለመሥራት የተነሳ የጅማ የማስተርስ ተማሪ መጀመሪያ የሚማረው ቅጠል መገልበጥ ነው። ሁለቱም ገጽ ፎቶ ይነሳል። ከጥላ ዛፍ ሥር ብርሃኑ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ሰዓቱም ይመዘገባል።

ቀጥሎ የፋይሉ ስም ይመጣል፦ ወረዳ፣ ማሳ፣ ዛፍ፣ ቅጠል፣ ገጽ። አምስቱም ሁልጊዜ በዚሁ ቅደም ተከተል ይጻፋሉ። እንዲህ ያለ አሰያየም ለጅማ አዲስ አይደለም። መልኮ ካለው የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡትን 74110 እና 74112 የተባሉ የቡና ዝርያዎች ገበሬው ዛሬም በቁጥራቸው ይጠራቸዋል። 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፤ 1974 እ.ኤ.አ.። የቀረው የተራ ቁጥራቸው ነው።

ከዚያ እያንዳንዱ ፎቶ ፍርድ ይፈልጋል፦ ጤነኛ ወይስ የታመመ? ሁለት የዕፅዋት ሕክምና ባለሙያዎች ሳይተያዩ፣ ለየብቻ ይፈርዳሉ። በስንቱ እንደተስማሙ መቁጠር ብቻ ግን አይበቃም። ከ100 ቅጠል ሁለቱም 90 ያህሉን ጤነኛ ቢሉና በ82ቱ ቢስማሙ ቁጥሩ ያምራል። ነገር ግን ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነው ያንኑ ያህል ጊዜ «ጤነኛ» ቢሉ በአጋጣሚ ብቻ የሚገኘው ስምምነት 0.9 በ0.9 ሲደመር 0.1 በ0.1 ነው፤ ይኸውም 0.82። ጄኮብ ኮኸን በ1960 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ካፓ የተባለው መለኪያ ይህን ይቀንስና ዜሮ ይሰጣል። ሥሌቱ ሁለት መስመር አይሞላም። እኔ ግን ከጠቅላላው ጥናት እጅግ የተጣራ ሥራ የምለው እሱን ነው።

አሁን ዳታው ለማሰልጠኛና ለመፈተኛ ይከፈላል። ፎቶዎቹን ደባልቆ መክፈል ቀላል ነው፤ ጉዳቱም እዚያው ነው። የአንድ ዛፍ ቅጠሎች ብርሃናቸውም፣ ከጀርባቸው ያለው አፈርም ይመሳሰላል። ግማሾቹ ማሰልጠኛ፣ ግማሾቹ መፈተኛ ውስጥ ከገቡ ሞዴሉ ፈተናውን አስቀድሞ እንዳየ ተማሪ ይሆናል። ጥንቁቁ ሠራተኛ በዛፍ ይከፍላል፤ የአንድ ዛፍ ፎቶዎች በሙሉ ከአንድ ወገን ይውላሉ። ከዚያም የሚበልጥ አለ፦ በጎማና በማና ወረዳዎች አሰልጥኖ፣ ጨርሶ ባልነካው በጌራ ወረዳ መፈተን።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. ሞሃንቲና ባልደረቦቹ ፕላንትቪሌጅ በተባለው የ54,306 ፎቶዎች ስብስብ ያሰለጠኑት ሞዴል፣ ከዚያው ስብስብ በተቀነሰ መፈተኛ 99.35 በመቶ አገኘ። ከሌላ ቦታ በተገኙ ፎቶዎች ሲፈተን ወደ 31 በመቶ ግድም ወረደ። ይህን ራሳቸው በጽሑፋቸው አስፍረውታል፤ ክብር የሚገባው ሐቀኝነት ነው። በዚያ ስብስብ ካሉት 14 ሰብሎች መካከል ቡና የለም። የቡናውን ፎቶ ከማሳው ማምጣት ግድ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

በጥሩ ቴሲስ ውስጥ የጥናቱ ዘዴ በሚጻፍበት ሦስተኛው ምዕራፍ እነዚህ ክፍሎች ይገጣጠማሉ። ማሳው ላይ የተጻፈው የዛፍ ቁጥር ክፍፍሉን ያስችላል፤ ክፍፍሉ ደግሞ በመጨረሻ የሚጻፈውን መቶኛ እንዲታመን ያደርጋል። ዘንድሮ ወደ አጋሮና ሊሙ የምትወጡ ተማሪዎች፣ ካሜራውን ከመክፈታችሁ በፊት ለዛፎቹ ቁጥር ስጡ። ማሳው ላይ ያልተጻፈ ቁጥር በኋላ ከፎቶው ተፈልጎ አይገኝም።