ሦስት መስመር፣ አንድ ድልድይ፦ የባሕር ስር ኬብሎችን ካርታ ከወረታ ስናየው

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ከአዲስ ዘመን ወደ ወረታ ሦስት ሚኒባሶች ይሄዳሉ እንበል። ቀለማቸው ይለያያል፣ ባለቤቶቻቸውም አይተዋወቁም። ክረምት ላይ ርብ ሞልቶ በድልድዩ ማለፍ ቢከለከል ስንቱ ወረታ ይደርሳል? አንዱም! መኪናው ሦስት ነበር፣ መንገዱ ግን አንድ።

ይህን ምሳሌ ያዙልኝ፤ ዛሬ የምተቸው ካርታ የሚሸፍነው ይህንኑ ነውና። ካርታው ቴሌጂኦግራፊ የተባለ የጥናት ድርጅት በኢንተርኔት በነፃ የሚያሳየው የዓለም የባሕር ስር ኬብሎች ካርታ ነው። አይታችሁት ካላወቃችሁ ፈልጉት፣ በእውነት ያምራል። ኬብሎቹ በተለያየ ቀለም ተስለዋል፤ አንዱን ስትነኩት ስሙን፣ ርዝመቱን፣ ባለቤቶቹንና የሚያርፍባቸውን ከተሞች ይዘረዝርላችኋል።

መጀመሪያ የሚገባውን ምስጋና ልስጠው። ብዙዎቻችን ኢንተርኔት ከሰማይ፣ ከሳተላይት የሚወርድ ይመስለናል። ካርታው ይህን ስህተት በአንድ እይታ ያርመዋል። በአህጉራት መካከል ከሚተላለፈው መረጃ ከ95 በመቶ በላይ የሚያልፈው በባሕር ወለል ላይ በተዘረጋ ገመድ ነው። ጥልቅ ባሕር ውስጥ ያለው ኬብል ውፍረቱ ከአትክልት ማጠጫ ጎማ አይበልጥም። መሃሉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ክሮች አሉ። ብርሃኑ ሲጓዝ እየደከመ ስለሚሄድ፣ ከ60 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ርቀት ማጉያ ይገጠምለታል።

ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው? መስመሮቹ ለዓይን እንዲለዩ ተብሎ ተራርቀው ነው የተሳሉት። አዘጋጆቹም ካርታው ትክክለኛውን የኬብል መንገድ እንደማያሳይ አልደበቁም። ግን ካርታ የሚያይ ሰው ማብራሪያ አያነብም፣ መስመር ይቆጥራል። እኔ ራሴ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ ጂቡቲ የሚያርፉትን መስመሮች እየቆጠርኩ «እንግዲህ ኢትዮጵያ በዚህ በኩል አትሰጋም» እል ነበር። የቆጠርኩት ሚኒባስ ነበር፤ ድልድዩን አላየሁትም።

ድልድዩ ባብ ኤል መንደብ ነው። ከቀይ ባሕር ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚያሻግረው ይህ በር ጠባቡ ቦታ ላይ ስፋቱ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አውሮፓን ከእስያና ከምሥራቅ አፍሪካ የሚያገናኙ ከአሥር በላይ ኬብሎች ያልፉበታል። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ በሚሳኤል ተመትታ ሠራተኞቿ ጥለዋት ወጡ። መርከቧ ለቀናት ስትንሳፈፍ መልሕቋ የባሕሩን ወለል እየጎተተ ኬብሎችን እንደበጠሰ ይታመናል። ሲኮም፣ ኤኤኢ 1 እና ኢአይጂ በአንድ ሰሞን ተቆረጡ። በካርታው ላይ ሦስት ቀለም ነበሩ፤ ለመልሕቁ ግን አንድ ሰፈር ናቸው።

«ስለዚህ በሌላ በኩል እንውጣ» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ዴር 1 የተባለው ኬብል የሚያጓጓኝም ለዚህ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ይህ የጎረቤታሞች ኬብል ከጂቡቲ ተነስቶ የአፍሪካን ቀንድ ይዞራል፤ በቦሳሶና በሞቃዲሾ በኩል አድርጎ ሞምባሳ ይደርሳል። ርዝመቱ ወደ 4,850 ኪሎ ሜትር ነው። ስለ እሱ ሲወራ ቀድሞ የሚጠራው በሰከንድ 36 ቴራቢት የሚለው አቅሙ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ባብ ኤል መንደብን አለመርገጡ ነው።

ይሁን እንጂ እዚህም ላይ ካርታው ያታልላል። ዴር 1 ሞምባሳ ላይ ያበቃል። አውሮፓ የሚሄድ መልእክት ከዚያ ሌላ ኬብል መሳፈር አለበት፤ ወይ ተመልሶ ወደ ቀይ ባሕር፣ ወይ አፍሪካን ዞሮ በደቡብ። በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ በደቡብ በኩል፣ ሞዛምቢክና ደቡብ አፍሪካ መካከል፣ ኢሲና ሲኮም አብረው ተቆረጡ። አያችሁ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በሰሜንም በደቡብም!

መዞር ደግሞ በነፃ አይደለም። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። መንገዱ በ15,000 ኪሎ ሜትር ቢረዝም፣ ደርሶ መልስ 150 ሚሊ ሰከንድ ይጨመራል። ቪዲዮ ለሚያይ ሰው ይህ ምንም አይደል። ውጭ አገር ካለች እህታችሁ ጋር በኢንተርኔት ስትደውሉ ግን «ሄሎ» እና «ሄሎ» እየተጋጩ ትቸገራላችሁ።

ሁለተኛው ትችቴ ካርታው ባሕር ዳርቻ ላይ ማቆሙ ነው። ኢትዮጵያ በካርታው ላይ ባዶ ነች። የወረታ ልጅ ግን ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ ከተማው ደረቅ ወደብ አላት። ዕቃው ጂቡቲ ደረሰ ማለት ወረታ ደረሰ ማለት እንዳልሆነ ያውቃል። መረጃም እንደዚሁ ነው። የእኛ ፋይበር በየብስ በጂቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል ይወጣል፤ ከሦስቱ አንዷ ሱዳን ደግሞ ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጦርነት ውስጥ ናት። ፎገራ ሜዳ ላይ ደግሞ የአካፋ ምት፣ የመብራት መጥፋት፣ የጎርፍ ውሃ አለ።

ሌላም ካርታው የማያሳየው ነገር አለ፤ ማብሪያና ማጥፊያው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ከባሕር ስር የተበጠሰ ገመድ ስለነበረ አልነበረም። ሩዙን ሊሸጥ ዋጋ የሚጠይቅ ገበሬና ምዝገባ የሚጠብቅ ተማሪ የቀሩት ገመዱ ደህና ሆኖ ሳለ ነው። ግንኙነትን በኬብል ብዛት ብቻ የሚለካ ካርታ እነዚህን ሰዎች «ተገናኝተዋል» ብሎ ይቆጥራቸዋል።

ካርታው ይጣል እያልኩ አይደለም። ለተሳሳተ ጥያቄ አትጠቀሙበት ነው የምለው። «ስንት መስመር አለን?» ከማለት «እኔን ለመቁረጥ ቢያንስ ስንት ነገር መበጠስ አለበት?» ብላችሁ ጠይቁ። በምሕንድስና አንድ ኔትወርክ ጠንካራ ነው የሚባለው ለዚህ ጥያቄ ትልቅ ቁጥር ሲመልስ ነው። አንዳንዴ መፍትሔው ተጨማሪ ኬብል ላይሆንም ይችላል። የምትፈልጉት ድረ ገጽ የተቀመጠበት ኮምፒውተር አገር ውስጥ ከሆነ፣ መልእክታችሁ ባሕሩን ጭራሽ ሳይነካ ሊመለስ ይችላል።

እስቲ ወረቀትና እርሳስ አምጡ። ከስልካችሁ ጀምራችሁ እስከ ማርሴይ፣ ፈረንሳይ ድረስ መንገዱን ሳሉ፦ የሰፈሩ አንቴና፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ፣ ጂቡቲ፣ ባሕሩ። «ይህ ቢበጠስ ሌላ መንገድ የለም» የምትሉት ቦታ ላይ ሁሉ ክብ አድርጉ። እኔ ከወረታ ተነስቼ ስሠራው የመጀመሪያዋ ክብ ያረፈችው ባሕር ላይ አልነበረም፤ ገና ከከተማው ሳልወጣ ነበር።