ማስመስከርና የምስክር ወረቀት

የኪነ ጥበብ ትምህርት ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ ወደ ሥራው ቦታ መሄድ አለበት የሚለው አስተሳሰብ ዛሬ ተቃዋሚ የለውም። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት «የትብብር ሥልጠና» በሚል ስም ሠልጣኞቻቸውን ወደየጋራዡና ወደየፋብሪካው መላክ ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሥዕልን፣ ሙዚቃንና ቴአትርን የሚማር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም እንደዚሁ ለልምምድ ይውጣ ሲባል ሁሉም ይስማማል። ክርክሩ የሚጀምረው የት ይሂድ፣ ማን ይቀበለው፣ ምንስ ሠርቶ ይመለስ የተባለ እንደሆነ ነው።

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ለዚህ ጥያቄ የሚገኘው ቀላሉ መልስ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው። ነፋስ መውጫ ወይም ዓርብ ገበያ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ላይ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ግጥም የሚያነብ፣ በክበቡ ድራማ የሚሠራ ወጣት ለክረምት ወደ ቢሮ ቢላክ ምን ይገጥመዋል? መዝገብ ሲያገላብጥ፣ ለበዓል መድረክ ወንበር ሲደረድር ይከርምና ማኅተም ያረፈበት የምስክር ወረቀት ይዞ ይመለሳል። ወረቀቱ ተማሪው በቦታው መገኘቱን ይመሰክራል፤ ምን መሥራት እንደሚችል ግን አንዳች አይናገርም።

ይህ ጉድለት ይበልጥ የሚያስቆጨው አገሩ ጋይንት በመሆኑ ነው። የቅዱስ ያሬድ ድርሰት የሆነውን ድጓ ጠንቅቆ የተማረ ሁሉ ለማስመስከር የሚሄደው ወደ ጋይንቷ ቤተልሔም ነው። የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያም እዚያው አካባቢ፣ ዙር አምባ ይገኛል። ከጎጃምና ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዓባይንና በሽሎን ተሻግሮ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። «ማስመስከር» የሚለውን ቃል ልብ ማለት ይገባል። «የምስክር ወረቀት» ከምንለው ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ነገሩ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። በቤተልሔም የሚመሰክረው የመምህሩ ጆሮ ነው። ተማሪው ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን ለይቶ፣ ድፋቱንና ሒደቱን፣ ቅናቱንና ርክርኩን ሳያዛንፍ በመምህሩ ፊት ያዜማል። ከተሳሳተ ይታረማል፤ ካልቀና ወደ ጎጆው ይመለሳል። የጊዜ ገደብ የለበትም፤ ስላልቻለ ብቻ ሌላ ዓመት ይቀመጣል።

የአሠራሩ ምስጢር ግን በመጨረሻው ፈተና ብቻ የተወሰነ አይደለም። በዜማ ቤት ሌሊቱ የቃል፣ ቀኑ የመጽሐፍ ነው። በጨለማ፣ ፊደል በማይታይበት ሰዓት፣ ዜማው ከመምህሩ አንደበት ወደ ደቀ መዝሙሩ ጆሮ ይሻገራል፤ ሲነጋ መጽሐፉ ተገልጦ ምልክቱ ይመረመራል። ምልክቶቹን በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጁአቸው ይነገራል። ከዚያ ወዲህም ቢሆን ምልክቱ የጆሮን ሥራ አልተካም፤ አስታዋሽ እንጂ አስተማሪ አልሆነም። በተጨማሪም የቀደመው ተማሪ የኋለኛውን ያስጠናል፤ ስለዚህ ማንም ተመልካች ሆኖ አይቀመጥም። በቅኔ ቤት ደግሞ ይህ ጠባይ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ተማሪው ከሰው ተለይቶ፣ ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ተቀምጦ፣ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ቆጥሮም ለመምህሩ ይነግራል። የትናንቱ ለዛሬ አይሆንም። ዕለት በዕለት የራሱን አዲስ ሥራ ይዞ የሚቀርብና ዕለት በዕለት የሚታረም ተማሪ ያለው የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት በዘመናዊው ዓለምም ብዙ አይገኝም። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በፍሎረንስ ከተማ በቬሮክዮ የሥራ ቤት በወጣትነቱ ያገኘው ትምህርት ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነበር፤ በመምህሩ ሥዕል ላይ መልአክ እንዲሥል ተፈቀደለት እንጂ ቀለም ሲበጠበጥ ቆሞ እንዲያይ ብቻ አልተደረገም።

እንግዲህ በአንድ ተራራ ግርጌና አናት ላይ በዕድሜ እኩያ የሆኑ ሁለት ወጣቶች ይኖራሉ። አንደኛው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ኪነ ጥበብን ይወዳል፤ የሚያርመው ግን የለም። ሁለተኛው የቆሎ ተማሪ ነው፤ ጆሮውና አንደበቱ በብርቱ ሥርዓት ተቀርጿል፤ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ችሎታውን በምንም መዝገብ አያሰፍርለትም። ሁለቱ የሚገናኙት የቆሎ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በር ላይ ሲቆም ብቻ ከሆነ ከፍ ያለ ሀብት ባክኗል ማለት ነው።

ይህን ሲሉ የጥንቱን ትምህርት ቤት እንዳለ ማወደስ አይገባም። ተማሪው ለመምህሩ ውሃ ሲቀዳ፣ እንጨት ሲሰብር፣ በረሃብና በተስቦ ሲጎሳቆል የኖረበት ሥርዓት ነው። ለሴት ልጅ በሩን ዘግቶባት ኖሯል። በጎጃም ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው ተምረው የቅኔ ጉባኤ መዘርጋታቸው ብርቅ ሆኖ የሚነገረው ሌላዋ ዕድሉን ስላላገኘች ነው። ከቤተ ክህነት ውጭ ያለውንም ጥበበኛ ኅብረተሰቡ እንደ ሰው አልቆጠረውም፤ አዝማሪውን ሲንቅ፣ ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» እያለ ሲሸሽ ኖሯል። በእንስራዋ ውሃ እየጠጣ!

በ1970ዎቹ በየቀበሌው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ይህን ንቀት በመጠኑ ሰብረዋል፤ ብዙ ድምፃውያንም ከእነርሱ ወጥተዋል። ይሁን እንጂ የገበሬውን ዜማ ወስደው መፈክር ሲያለብሱት ባለዜማውን መምህር አድርገው ያስቀመጡበት ጊዜ ጥቂት ነው። ወጣቱ መድረክ አገኘ፤ አራሚ አላገኘም። ዛሬም የሚታሰበው ልምምድ ያንኑ ስሕተት እንዳይደግመው ያሰጋል።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚታሰብ ልምምድ ወደ ባለሙያው ቤት የሚያደርስ መሆን ይኖርበታል። ሙዚቃ የሚወድ ልጅ ከአዝማሪው ጋር ይዋል፤ ማሲንቆው ጭራና ቆዳ ከመሆን አንሥቶ እስኪዘፍን ያለውን ይወቅ፤ በሠርግ ቤት የተሰጠውን ግጥም ወዲያው ተቀብሎ እንዴት እንደሚመልስ ይይ፤ በመጨረሻም ራሱ ይመልስ። የድጓውን ምልክት ለማወቅ የሚሻ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት አክብሮና የመምህሩን ፈቃድ ጠይቆ፣ አንድ ክረምት በጉባኤው ጥግ ይቀመጥ። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በክልሉ በነበረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ወቅት በግልጽ እንደታየው፣ ሕንፃው ሲዘጋ ሁሉም ነገር የሚቆመው ትምህርቱ በሰው ላይ ሳይሆን በሕንፃ ላይ የተመሠረተ እንደሆነ ነው።

ለሴት ተማሪዎች ደግሞ ከሙሾ አውራጇ የተሻለ የግጥም መምህርት አትገኝም። ሟቹን በስሙ፣ በሙያው፣ በወገኑ እያነሣች፣ ለቀስተኛው በሚቀበላት ስንኝ ኀዘኑን መልክ ታስይዘዋለች። ልጅቱ ይህን በክፍል ውስጥ ልትፈተን አትችልም፤ የምትመሰክርላት መምህርቷ፣ ቦታውም ለቅሶው ነው።

ልምምዱን የሚያቅድ ጽሕፈት ቤት ከሁሉ አስቀድሞ ለአዝማሪው፣ ለመሪጌታውና ለሙሾ አውራጇ የሚከፈለውን አበል በበጀቱ ያስፍር፤ ተማሪው የሚሄድበት ወር ከዚያ በኋላ ይቆረጣል።