ይቆይ ወይስ ይሂድ? የአሠልጣኞች ዕድሜና የደጋፊዎች ሙግት

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በተሸነፈ ቁጥር፣ ከገላባት እስከ ገዳሪፍ ባለው መንገድ ኢትዮጵያውያን በሚሰበሰቡባቸው ቡና ቤቶች አንድ ሙግት ይነሣል። ስለ ተጫዋቾቹ ይጀመርና ብዙም ሳይቆይ ወደ አሠልጣኙ ይዞራል። አንደኛው ወገን «ይሂድ» ሲል ሌላው «ጊዜ ይሰጠው» ይላል። በዚህ አካባቢ ክርክሩ የሚካሄደው በሁለት ቋንቋ በመሆኑ፣ ትዕግሥትን የሚሰብከው ወገን ምሳሌውን ከሁለቱም ይመዛል። ዐረብኛው «አስሰብር ሚፍታሑል ፈረጅ»፣ ትዕግሥት የመገላገል ቁልፍ ነው ይላል፤ አማርኛው ደግሞ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»።

ሁለቱ አባባሎች እንደ መንትያ ቢቆጠሩም የሚናገሩት አንድ ነገር አይደለም። ዐረብኛው የሚናገረው ስለ ቻዩ ሰው ነው፤ መከራውን የተሸከመ በመጨረሻ ይገላገላል። አማርኛው ግን የሚናገረው ስለሚለወጠው ነገር ነው፤ በምሳሌው ውስጥ ስሟ ያልተጠራ አንዲት ዶሮ አለች። ዶሮ ሃያ አንድ ቀን ያልታቀፈችው እንቁላል ዓመት ቢቆይ ይገማል እንጂ በእግሩ አይሄድም። ስለ አሠልጣኞች የሚደረገው ሙግት የጎደለውም ይኸው ነው። ስለ ቀኑ ብዛት አጥብቆ ይከራከራል፤ ማን እንደታቀፈ ግን አይጠይቅም።

ጉዳዩን ለመመርመር ለዚህ አካባቢ አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው የአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ዘመን ነው፤ የዚያ ዘመን ዋና ምዕራፍ የተጻፈው ከሱዳን ጋር ነውና። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2012 ለአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ በተደረገው የመጨረሻ ዙር ኢትዮጵያ በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸነፈች። ኦክቶበር 14 ቀን በአዲስ አበባ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ባስቆጠሯቸው ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፈች። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ ከሜዳ ውጭ በተቆጠሩ ጎሎች ብልጫም ኢትዮጵያ ከ1982 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአፍሪካ ዋንጫ በቃች። በፊተኛው ዙር ቤኒንን ያለፈችውም በዚሁ ሕግ ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ 0 ለ 0፣ ኮቶኑ ላይ 1 ለ 1።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ በሁለቱ ዙሮች ተጋጣሚዎቿን በጎል ድምር አልበለጠችም። ከእነዚያ ጎሎች አንዲቷ ግብ ጠባቂ እጅ ላይ ብታርፍ ኖሮ ያው አሠልጣኝ፣ ያው ልምምድ፣ ያው የተጫዋች ምርጫ ለስንብት ምክንያት በሆነ ነበር። ጎሏ ስለገባች ግን ጀግንነት ተባለ። ይህ የአሠልጣኙን ሥራ ማቃለል አይደለም፤ የአንድ ቀን ውጤት ሥራን ለመመዘን ምን ያህል ቀጭን ሚዛን እንደሆነ ማሳየት ነው።

በጃንዋሪ 2013 ደቡብ አፍሪካ ላይ ቡድኑ ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ከወጣ በኋላ በአሥር ሰው ተጫውቶ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያየ። ቀጥሎ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ለ2014 የዓለም ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ጁን 16 ቀን ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ረታ። ሕዝቡ በደስታ ላይ እንዳለ ሌላ ወሬ ተሰማ። ከስምንት ቀን በፊት ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ጨዋታ ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ካርድ እያለበት ተሰልፏል በሚል ፊፋ ምርመራ ከፍቶ ነበር። ቡድኑ ያሸነፈበትን ሦስት ነጥብ ተነጠቀ። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አመነ። የተጫዋቾችን ካርድ መቁጠር በየትኛውም አገር በመጀመሪያ ደረጃ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው፤ በደጋፊው ሙግት ግን ይህ ዕዳ ዛሬም ድረስ በአሠልጣኙ ስም ሲጻፍ ይሰማል።

ቅጣቱ ጉዞውን አላስቆመውም። ቡድኑ በሴፕቴምበር መካከለኛው አፍሪካን ብራዛቪል ላይ 2 ለ 1 አሸንፎ ወደ ዓለም ዋንጫው ለመግባት አንድ ተጋጣሚ ብቻ ቀረው። ያም ናይጄሪያ ነበረች፤ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋ አለፈች። በ2014 መጀመሪያ በአገር ውስጥ ሊግ ለሚጫወቱ ብቻ በሚዘጋጀው የቻን ውድድር ግን ኢትዮጵያ በሊቢያ፣ በኮንጎና በጋና ተሸንፋ አንድም ጎል ሳታስቆጥር ተመለሰች። በፌብሩዋሪ አሠልጣኝ ሰውነት ተሰናበቱ።

«ይሂድ» ያለው ወገን በዚያ ወቅት ባዶ እጁን አልነበረም። ሦስት ሽንፈትና ባዶ የጎል መዝገብ ለክስ በቂ ማስረጃ ነው። በምሥራቅ ሱዳን ደግሞ ይህ ወገን ለምን ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ መረዳት አያስቸግርም። እዚህ የሚኖር ስደተኛ «ታገሥ» የሚለውን ቃል ከብዙ አፍ ሰምቶታል፤ ከመዝጋቢው፣ ከአሠሪው፣ ከመኖሪያ ፈቃድ ሰጪው። በ1980ዎቹ የረሃብ ስደተኞችን የተቀበለው የኡም ራኩባ ካምፕ በኖቬምበር 2020 ከትግራይ ጦርነት ለሸሹ ሰዎች ዳግመኛ ሲከፈት፣ ትዕግሥት ስንት ትውልድ ሊወርድ እንደሚችል የማያስብ አልነበረም። ቀን ሳይቆረጥለት እንዲጠብቅ የተነገረው ሰው በዘጠና ደቂቃ ጨዋታ ላይ እንኳ መጠበቅን እምቢ ቢል ከግልፍተኝነት አይቆጠርበትም። ስህተቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ቁጣው የሚያርፈው ዘወትር ከሁሉ ቀድሞ በሚታየው ሰው ላይ፣ በሜዳው ጠርዝ በቆመው ሰው ላይ ነው።

ከስንብቱ በኋላ የሆነውን ማየት ይጠቅማል። በ2014 ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ ተሾሙ፤ ለ2015 የአፍሪካ ዋንጫ ሳያልፉ በኤፕሪል 2015 ተሰናበቱ። ቀጥሎ ዮሐንስ ሳህሌ መጡ፤ በማርች 2016 አልጄሪያ ላይ የ7 ለ 1 ሽንፈት ደረሰ፤ በዚያው ዓመት እሳቸውም ሄዱ። ገብረመድኅን ኃይሌ በ2016፣ አሸናፊ በቀለ በ2017፣ አብርሃም መብራቱ በ2018 ተከተሉ። ከባሬቶ ስንብት ወዲህ ባሉት ሦስት ዓመታት አራት አሠልጣኞች ተሾሙ ማለት ነው። «ይሂድ» የሚለው ወገን የጠየቀውን ሁሉ አገኘ። አሠልጣኞቹ ሄዱ፤ የ2015፣ የ2017ና የ2019 የአፍሪካ ዋንጫዎች ግን ያለ ኢትዮጵያ ተካሄዱ።

«ጊዜ ይሰጠው» የሚለው ወገንም ከትችት አያመልጥም። የዚህ ወገን ቋሚ ማስረጃ ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ናቸው። በኖቬምበር 1986 ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ መጥተው የመጀመሪያ ዋንጫቸውን ያነሡት በ1990 ነው፤ በ1989 መጨረሻ በስታዲየሙ ውስጥ እንዲሄዱ የሚጠይቅ ጽሑፍ ተሰቅሎባቸው ነበር። ታሪኩ እውነት ነው፤ ማስረጃነቱ ግን ደካማ ነው። አንደኛ፣ ታግሠዋቸው ፍሬ ያላፈሩ አሠልጣኞችን ማንም አያስታውስም፤ ስለዚህ ምሳሌው ከአሸናፊዎች ብቻ የተመረጠ ነው። ሁለተኛ፣ የማንቸስተር አመራር የታገሠው በጭፍን አልነበረም፤ ፈርጉሰን በዚያ ጊዜ ውስጥ የክለቡን የታዳጊዎች ምልመላ እንደ አዲስ ሲገነቡ በዐይኑ ያይ ነበር። ሦስተኛ፣ የክለብ አሠልጣኝ ተጫዋቾቹን በየቀኑ ያገኛል፤ የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ግን በዓመት ጥቂት ሳምንታት ነው የሚያገኛቸው። የአርሰናል ደጋፊ እንደሚያውቀው ደግሞ ከ1996 እስከ 2018 በአንድ ወንበር የቆዩት አርሴን ዌንገር የመጨረሻ ዓመታት፣ ትዕግሥት ከልማድ የሚለይበት ድንበር እንዳለው አሳይተዋል።

ሁለቱም ወገኖች ያላዩትን ነገር በሚገባ የሚያሳየው የ2021 የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ነው። በኖቬምበር 2019 በአብርሃም መብራቱ የተመራው ቡድን ኮትዲቯርን ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ። በ2020 የአሠልጣኙ ውል ሲያልቅ አልታደሰም፤ ውበቱ አባተ ተተኩ። ውበቱ ኒጀርን 3 ለ 0፣ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 አሸንፈው፣ በማርች 2021 በአቢጃን ቢሸነፉም ቡድኑን ወደ ካሜሩኑ ውድድር አደረሱት። ኢትዮጵያ ያለፈችው በሦስት ድሎች፣ በ9 ነጥብ ነው። ከሦስቱ አንዱ የተሰናባቹ አሠልጣኝ ድል ነበር፤ እርሱ ባይኖር ማለፍ አይኖርም።

ይህን ለመረዳት የገዳሪፍ ሰው ምሁር አያስፈልገውም። በየክረምቱ በመተማ በኩል ድንበር ተሻግሮ በሰሊጥና በማሽላ ማሳ ላይ አረም የሚያርመው የቀን ሠራተኛ፣ ዘወትር አጨዳው ድረስ አይቆይም። ሰሊጡን የሚያጭደው ሌላ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ጆንያ ሲቆጠር «አጫጁ ጎበዝ ነው፤ አራሚው ሰነፍ ነበር» የሚል ባለ እርሻ የለም፤ የክረምቱን ሥራ ያውቀዋልና። የእግር ኳሳችን ባለ እርሻ ፌዴሬሽኑ ነው። ከአንዱ አሠልጣኝ ወደ ሌላው የሚተላለፈውን ሥራ መዝግቦ መያዝና ተተኪው ከየት እንደሚጀምር መናገር የእርሱ ፈንታ ነው። መዝገቡ ከሌለ እያንዳንዱ አሠልጣኝ ማሳውን እንደ ጠፍ መሬት ይጀምረዋል።

ውበቱም በተራቸው ሄዱ። በጁን 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ጨዋታው የተደረገው ማላዊ ውስጥ ነው፤ የኢትዮጵያ ስታዲየሞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት ባለማሟላታቸው የአገር ሜዳ አልነበራቸውም። በማርች 2023 ሞሮኮ ላይ በጊኒ ሁለት ጊዜ ሲሸነፉም እንዲሁ ነበር። በሚቀጥለው ወር ከፌዴሬሽኑ ጋር ተለያዩ። ሜዳ መሥራት የአሠልጣኝ ሥራ አይደለም፤ የሜዳ እጦት ግን በአሠልጣኙ ውጤት ላይ ተቆጥሯል።

«ሜዳ ማጣት ሰበብ ነው» ለሚል ተከራካሪ መልስ የሚሆነው ከዚሁ ከሱዳን ነው። በኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ከካርቱም የተፈናቀሉ ብዙዎች በገዳሪፍ ተጠልለዋል፤ ብሔራዊ ቡድናቸውም እንደ እነርሱ ከሜዳው ተሰደደ። በዚያው ዓመት የተሾሙት ጋናዊው ክዌሲ አፒያ፣ አገራቸው ሁለት ጊዜ አሠልጣኝ አድርጋ ሾማ ሁለት ጊዜ የተለየቻቸው ሰው ናቸው። በኦክቶበር 2024 ሱዳን ጋናን ሊቢያ ውስጥ ቤንጋዚ ላይ 2 ለ 0 አሸነፈች፤ በኖቬምበር ለ2025 የአፍሪካ ዋንጫ ማለፏን አረጋገጠች፤ ጋና ቀረች። ከዚህ «ሜዳ አያስፈልግም» የሚል ትምህርት አይወጣም። የሚወጣው ሌላ ነው። በአንድ ቦታ ሁለት ጊዜ «አልቻለም» የተባለ ሰው በሌላ ቦታ፣ እጅግ በከፋ ሁኔታ ውስጥ ሊችል ይችላል። ስለዚህ «ይህ ሰው ይችላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ጎዶሎ ነው፤ «ከማን ጋር፣ በምን ድጋፍ?» የሚል ይጨመርበታል።

እንግዲህ የትዕግሥት ሙግት ከአሠልጣኙ በፊት ለቀጣሪው ሦስት ጥያቄዎችን ማቅረብ አለበት። ሲሾም የተሰጠው ግብ ምንድን ነው፤ በስንት ጊዜስ? ለዚያ ግብ የተዘጋጀለት ሜዳ፣ የወዳጅነት ጨዋታና የጽሕፈት ቤት አገልግሎት የትኛው ነው? ካለፈው አሠልጣኝ የተረከበው ምን ነበር? መልሶቹ ታውቀው ሥራው ወደፊት ካልሄደ እንቁላሉ ገምቷልና አሠልጣኙ ቢሰናበት ግፍ አይሆንም። መልስ ከሌለ ግን «ይቆይ» ማለት ያልታቀፉትን እንቁላል መጠበቅ ነው፤ «ይሂድ» ማለትም አንዱን እንቁላል ጥሎ ሌላውን በዚያው ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ባለፉት ዓመታት ሁለቱም ተሞክረዋል። ቡድኑ በሚቀጥለው ጊዜ ሲሸነፍ በገዳሪፍ ቡና ቤቶች የሚነሣው ሙግት ከእነዚህ ጥያቄዎች ቢጀምር፣ የአሠልጣኙ ስም በመጨረሻ ይደረስበታል።