በልክ የተሠራ የጫማ ውስጥ ድጋፍ የሚያስፈልገው ለየትኛው እግር ነው?

በታካሚው እግር ልክ የሚሠራው የጫማ ውስጥ ድጋፍ፣ በሙያው ስም ኦርቶቲክስ የሚባለው፣ ሁለት ነገር እንደሚያስገኝ ይነገርለታል፤ ሕመምን ያስታግሣል፣ አካሄድንም ምቹ ያደርጋል። ሁለቱም አባባሎች ከእውነት የራቁ አይደሉም። ሊጠየቅ የሚገባው፣ ለተገኘው ውጤት "በልክ የተሠራ" የሚለው ሐረግ ያለው ድርሻ ምን ያህል ነው የሚለው ነው፤ ታካሚው ተጨማሪውን ገንዘብ የሚከፍለው ለዚሁ ሐረግ ነውና። እግሩ በጀሶ ወይም በፎም ተቀርጾ፣ ወይም በኮምፒዩተር መሣሪያ ተነሥቶ ለእርሱ ብቻ የሚዘጋጀው ድጋፍ፣ ተዘጋጅቶ ከሚሸጠው ለስላሳ የውስጥ ሶል ጋር ሲነጻጸር ዋጋው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጥቅሙም በዚያው መጠን ይበልጣል ወይ የሚለው ግን ሻጩ ከሚለው ሳይሆን ከተደረጉት ሙከራዎች መታየት ይኖርበታል።

ሙያው ለረጅም ጊዜ የተመራበት ንድፈ ሐሳብ የመነጨው ከአሜሪካ ነው። ሜርተን ሩትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተሙት መጽሐፍ እንደሚያስተምረው፣ ከቁርጭምጭሚት በታች የሚገኘው መጋጠሚያ አንድ "ገለልተኛ" አቋም አለው፤ እግር ከዚህ አቋም ሲያፈነግጥ ሕመም ይከተላል፤ የድጋፉም ተግባር አጥንቶቹን ወደ ተገቢ ቦታቸው መመለስ ነው። ትምህርቱ ለማስተማር የሚመች፣ ለታካሚም በቀላሉ የሚብራራ በመሆኑ ሥር ሰዶ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ሁለት ባለሙያዎች አንዱን እግር ለየብቻቸው ሲለኩት ይህን "ገለልተኛ" አቋም አንድ ቦታ ላይ አያገኙትም። ከዚህም ሌላ ስታኮፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ በአምስት ፈቃደኞች የተረከዝና የቅልጥም አጥንት ላይ ቀጫጭን ብረቶችን ተክለው ሩጫቸውን ሲለኩ፣ ድጋፉ በአጥንቶቹ እንቅስቃሴ ላይ ያመጣው ለውጥ አነስተኛና ከሰው ሰው የማይመሳሰል ሆኖ ተገኝቷል። አምስት ሰው ጥቂት መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን በቆዳ ላይ ሳይሆን በራሱ በአጥንቱ ላይ የተደረገ ልኬት ስለ ሆነ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ንድፈ ሐሳቡ ቢዳከምም ሕክምናው ሊጠቅም ይችላል፤ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ምክንያቱ ሳይታወቅ የጠቀመ ነገር ብዙ ነው። ስለዚህ ዓይን መጣል ያለበት በዕጣ በተመደቡ ሙከራዎች ላይ ነው። እዚህ ላይ በብዛት የተጠናው ፕላንታር ፋሺያይቲስ፣ ማለትም ጠዋት ከመኝታ ሲነሡ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች የሚያከብደው የተረከዝ ሕመም ነው።

ፔፈርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ሙከራ 236 ሕሙማንን ያካተተ ነበር። ሁሉም የባት ጡንቻንና ውስጥ እግርን የማሳሳብ እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ተደረገ፤ ከእነርሱም የተወሰኑት ተዘጋጅተው ከሚሸጡት የሲሊኮን፣ የጎማ ወይም የፌልት ድጋፎች አንዱ፣ የተወሰኑት ደግሞ በልክ የተሠራ ጠንካራ የፕላስቲክ ድጋፍ ተሰጣቸው። ከስምንት ሳምንት በኋላ መሻሻል ያሳዩት በሲሊኮኑ 95 በመቶ፣ በጎማው 88 በመቶ፣ በፌልቱ 81 በመቶ፣ እንቅስቃሴ ብቻ በሠሩት 72 በመቶ፣ በልክ በተሠራው ደግሞ 68 በመቶ ነበሩ። ውዱ ዕቃ መጨረሻ ወጣ። ሆኖም ይህን ውጤት ይዞ በልክ የተሠራውን ሁሉ መኰነን ተገቢ አይሆንም፤ ስምንት ሳምንት አጭር ጊዜ ነው፣ የተመረጠውም ድጋፍ ግትር ስለ ነበረ ምናልባት የተፈተነው የልኩ ትክክለኛነት ሳይሆን የፕላስቲኩ ጥንካሬ ሊሆን ይችላል።

ይህን ጉድለት በከፊል የሚያሟላው ላንዶርፍና ባልደረቦቹ በአውስትራሊያ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራ ነው። 135 ሰዎች በሦስት ተመድበው፣ አንደኛው ቡድን ለይስሙላ የተዘጋጀ ስስ ስፖንጅ፣ ሁለተኛው ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ድጋፍ፣ ሦስተኛው በልክ የተሠራ ድጋፍ ተሰጠው። በሦስት ወር ከስፖንጁ ጋር ሲነጻጸር የእግር አገልግሎት መለኪያው ተዘጋጅቶ በሚሸጠው በ8.4 ነጥብ፣ በልክ በተሠራው በ7.5 ነጥብ ከመቶ ተሻሽሎ ተገኘ። የሕመሙ ልዩነት ግን አስተማማኝ አልነበረም። በዓመቱ ሲታይ ሦስቱም ቡድኖች ተቀራርበዋል። ለዚህ አንዱ ምክንያት የበሽታው ጠባይ ነው፤ አብዛኛው ሰው በጊዜ ብዛት ይሻለዋል። ታካሚ የተሻለው በምን እንደ ሆነ ሲጠየቅ ገንዘቡን ያወጣበትን ነገር ማመስገኑ ደግሞ ያለ ነው።

ከዚያ ወዲህ የታተሙት ሥራዎች ይህን ሥዕል አልለወጡትም። እ.ኤ.አ. በ2018 ዊታከርና ባልደረቦቹ 19 ሙከራዎችን ሰብስበው ሲመረምሩ ድጋፎች በአጠቃላይ በመካከለኛ ጊዜ የተረከዝን ሕመም እንደሚቀንሱ፣ በልክ በተሠራውና ተዘጋጅቶ በሚሸጠው መካከል ግን ልዩነት እንደማይታይ ደምድመዋል። በኔዘርላንድስ ራሰንበርግና ባልደረቦቹ በ185 ሕሙማን ላይ ያደረጉት ሙከራ ከዚህም አልፎ ይሄዳል፤ በልክ የተሠራው ድጋፍ ከይስሙላውም ሆነ ጠቅላላ ሐኪም ከሚሰጠው የተለመደ ሕክምና የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። በእነዚህ ጥናቶች ላይ ሊነሣ የሚችለው ተቃውሞ፣ የይስሙላ የተባለው ሶል ራሱ ተረከዝን በጥቂቱ ያለሰልሳልና ንጹሕ ማነጻጸሪያ አይደለም የሚለው ነው። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ሆኖም የሚያጸናው የሚቃወመውን ሐሳብ ነው። ስስ ስፖንጅ ይህን ያህል ከረዳ፣ ለተራ የተረከዝ ሕመም ጀሶ ማቡካት ለምን ያስፈልጋል?

ስለ ሕፃናት ጠፍጣፋ እግር ብዙ ማለት አያስፈልግም። ተጣጣፊ የሆነና የማያም ጠፍጣፋ እግር በአብዛኛው የዕድገት አካል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የታደሰው የኮክሬን ግምገማም ለእንዲህ ያለው ልጅ ድጋፍ ማዘዝን የሚያበረታታ ማስረጃ አላገኘም። ወላጅን አረጋግቶ መሸኘት ይበቃል።

በልክ የተሠራው ድጋፍ ሕመምን በማስታገሥ ረገድ በማስረጃ የቆመበት ቦታም አለ፤ ይህን መሸሸግ ሒስን ወደ ጥላቻ ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 1,332 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 11 ሙከራዎች መርምሮ፣ ቅስቱ ከልክ በላይ ከፍ ባለና በሚያም እግር፣ በሩማቶይድ አርትራይቲስ ምክንያት በሚመጣ የኋላ እግር ሕመም፣ በሕፃናት አርትራይቲስና በሚያም የአውራ ጣት መዛነፍ ላይ ጠቃሚ መሆኑን አሳይቷል። ከእነዚህ የመጀመሪያው በተለይ ልብ ይሏል። ቅስቱ ከፍ ያለ እግር ክብደቱን በተረከዝና በፊት እግር ብቻ ስለሚሸከም፣ በቅርጹ የተሠራ ድጋፍ ክብደቱን ወደ መካከል ያሰራጭለታል። እዚህ ላይ ልክ የሚለው ቃል ትርጉም ያገኛል፤ ቅርጹ ከተለመደው ስለ ራቀ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው አይገጥመውምና።

ምቾት የሚባለውም ነገር ቢሆን እንደ ተራ ጉዳይ መታየት የለበትም። ሙንደርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ሥራ ከ206 ወታደሮች መካከል ድጋፍ የሚሰጣቸው ከስድስት ዓይነት ሶሎች የሚመቻቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ ሲደረግ፣ ምርጫቸው እጅግ የተለያየ ነበር፤ የመረጡትን የተጠቀሙትም ሶል ካልተሰጣቸው ይልቅ ጉዳታቸው ያነሰ ነበር። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ርካሽ ነው፦ ሁለት ሦስት ዓይነት ለስላሳ ሶል አስሞክሮ የተመቸውን እንዲይዝ ማድረግ። ለዚህ የሰለጠነ ጫማ ሰፊ ይበቃል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ስለሚያመው እግር ነው። የሚያመው እግር ባለቤቱን ያስጠነቅቃል፤ የማይመች ሶል ሲገባበት ባለቤቱ አውልቆ ይጥለዋል። በልክ የተሠራ ድጋፍ ጉዳይ የሕይወትና የእግር ጉዳይ የሚሆነው ግን ሕመም በማይሰማው እግር ላይ ነው። ይህ እግር ወደ ሐኪም ቤት አቤቱታ ይዞ አይመጣም። በስኳር ሕመም ወይም በሥጋ ደዌ ነርቩ የተጎዳ ሰው ከጣቶቹ ሥር መጅ እየደነደነ፣ ከመጁም በታች ሥጋው እየደማ፣ ያለ አንዳች ማነከስ ይራመዳል። የማስታወቂያው ቃል ሕመምን ማስታገሥና ምቾት ብቻ ሲሆን ድጋፉ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ከጥሪው ውጭ ይቀራል፤ አላመመውማ።

ይህ ዕውቀት ለኢትዮጵያ ባለሙያ ባዕድ አይደለም። ፖል ብራንድና ባልደረቦቹ በደቡብ ሕንድ፣ በሥጋ ደዌ የተጠቁ ሰዎች የውስጥ እግር ቁስል "ሥጋው ስለ ተበላሸ" ሳይሆን ስሜት በሌለው እግር ላይ በተደጋጋሚ ከሚያርፍ ጫና የሚመጣ መሆኑን አስተምረው፣ በጥቃቅን የአየር ክፍተቶች የተሞላ ለስላሳ ጎማ ለጫማ ሶል እንዲውል አድርገዋል። ብራንድ እ.ኤ.አ. በ1966 ወደ አሜሪካ፣ ካርቪል ወደሚገኘው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሲሄድ ይኸው ትምህርት ወደ ስኳር ሕሙማን ተሻገረ። ዛሬ በየስኳር ክሊኒኩ የሚታወቀው የ10 ግራም ሞኖፊላመንት መለኪያም በዚያው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1986 ከታተመ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት የዚህ ትምህርት ወራሽ ሲሆን፣ ስሜት ለጠፋበት እግር ጫማ መሥራት በግቢው ውስጥ የቆየ ሙያ ነው። ስለዚህ "ዘመናዊ ኦርቶቲክስ" ተብሎ የሚቀርበው ነገር ቁም ነገሩ እዚሁ ሲሠራበት የኖረ ነው።

በስኳር ሕሙማን ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ላይ ላዩን ሲታዩ ይጋጫሉ። በጣሊያን ኡቾሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ሥራ፣ ቀድሞ ቁስል ከነበረባቸው 69 ሕሙማን መካከል ልዩ ጫማና በልክ የተሠራ ሶል ያደረጉት በዓመቱ 27.7 በመቶ፣ የራሳቸውን ጫማ ያደረጉት ደግሞ 58.3 በመቶ እንደገና ቆስለዋል። በአሜሪካ ራይበርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 በ400 ሰዎች ላይ ባሳተሙት ሙከራ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ በልክ የተሠራ የቡሽ ሶል ያደረጉት 15፣ ተዘጋጅቶ የተሰጣቸው 14፣ የራሳቸውን ጫማ ያደረጉት 17 በመቶ ነበሩ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ሁለተኛውን ሙከራ ይዞ "ልዩ ጫማ አይጠቅምም" የሚል ሰው ግን ጥናቱን እስከ መጨረሻው አላነበበውም፤ ከባድ የቅርጽ ለውጥ ያለባቸው እግሮች ከመጀመሪያው እንዲገለሉ ተደርጓል፣ ስሜታቸው ያልጠፋ ብዙዎች ደግሞ ተካትተዋል። ቀድሞውኑ ብዙም የማያስፈልጋቸው ሰዎች ላይ የተሞከረ መድኃኒት ጥቅም ባያሳይ ሊያስደንቅ አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ መነበብ የሚገባው ቡስና ባልደረቦቹ በኔዘርላንድስ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ሙከራ ነው። 171 ሕሙማን ሁሉም በልክ የተሠራ ጫማ ነበራቸው፤ የግማሾቹ ጫማ በመሣሪያ እየተለካ ጫናው እንዲቀንስ በየጊዜው ተስተካከለ። በ18 ወር ውስጥ የቆሰሉት 38.8 እና 44.2 በመቶ ሲሆኑ ልዩነቱ አስተማማኝ አልነበረም። ከእርምጃቸው 80 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆነውን በዚያ ጫማ የተራመዱት ብቻ ሲታዩ ግን ቁጥሩ 25.7 እና 47.8 በመቶ ሆነ። በዚያው ዓመት ዋይማንና ባልደረቦቹ 107 ሕሙማንን ተከታትለው እንዳሳዩት፣ ጫማው ከቤት ውጭ በ87 በመቶ፣ ቤት ውስጥ ግን በ61 በመቶ እርምጃ ብቻ ይደረግ ነበር።

ይህ አኀዝ የተገኘው በኔዘርላንድስ ነው። በኢትዮጵያ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ይወልቃል፤ መስጊድ ሲገባ ይወልቃል። የእናት የቀን ሥራ ከጓዳ እስከ ደጅ በነጠላ ጫማ ወይም በባዶ እግር ነው። በብዙ ድካም የተሠራው ጫማ ደግሞ "የውጭ" ተብሎ ለበዓልና ለቀጠሮ ቀን ይቀመጣል። ስለዚህ ሐኪሙ የእግሩን ልክ ከመላኩ በፊት ታካሚው ቀኑን በምን ተጫምቶ እንደሚውል ካልጠየቀ፣ ያዘዘው ድጋፍ የሚጠብቀው በቀጠሮ ቀን የሚራመዱትን እርምጃዎች ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የስኳር ሕመም እግር መመሪያም ጫማው በቤት ውስጥም ሆነ በውጭ እንዲደረግ ያሳስባል። ማሳሰብ ግን ቀላል ነው፤ መፍትሔው ከአንድ ጫማ ይልቅ ሁለት መሥራት፣ አንደኛውን ለቤት ብቻ የሚሆን፣ ከኋላ ማሰሪያ ያለውና በውኃ የሚታጠብ ቀላል ነጠላ ጫማ ማድረግ ነው። ለጸሎት ቤትም ንጹሕና ወፍራም ካልሲ፣ ቢቻል ስስ ሶል የተሰፋበት፣ ከእምነት አባቶች ጋር በመነጋገር ሊፈቀድ ይችላል።

በተግባር ሲታይ ወርክሾፑ ያለው ጊዜና ቁሳቁስ ውስን ነው። ተረከዙን ያመመው ነገር ግን ስሜቱ ሙሉ የሆነ ሰው የባት ጡንቻውን እንዲያሳሳብ ተነግሮት፣ ከገበያ ለስላሳ ሶል ገዝቶ፣ ከሦስት ወር በኋላ ቢታይ ይበቃዋል። ሞኖፊላመንቱ ያልተሰማው፣ በተለይም ቀድሞ የቆሰለና ቅርጹ የተለወጠ እግር ግን ምንም ሳያመው ወደ ወርክሾፑ ሊላክ ይገባል። ጫማው ተሠርቶ ሲመጣም የመጀመሪያውን ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳያደርገው፣ ሲያወልቅም ውስጥ እግሩን በመስታወት ወይም በቤተ ሰብ ዓይን እንዲያስመረምር፣ በእጁም ጫማው ውስጥ ጠጠር ወይም ምስማር አለመኖሩን እንዲዳስስ ማስተማር ያስፈልጋል። በቀጠሮው ቀን ደግሞ ባለሙያው እግሩን ብቻ ሳይሆን ሶሉንም አውጥቶ ማየት አለበት። ከጣቶቹ ሥር ባለው ቦታ ላይ በአውራ ጣት ሲጫኑት ተመልሶ የማይነሣ ጎማ መለወጥ ይኖርበታል።