አንድ ሊኖ፣ አራት ቀለም

ባለ ብዙ ቀለም የሊኖ ኅትመት፣ ማለትም ከተቀረጸ ሊኖሊየም ላይ የሚታተም ሥዕል፣ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ለእያንዳንዱ ቀለም የየራሱን ሊኖ መቅረጽ ነው። እኔ የምሠራበት ሁለተኛው ደግሞ ያንኑ አንድ ሊኖ እያተሙ መቅረጽ፣ እየቀረጹ ማተም ነው። የመጀመሪያው ቀለም በሁሉም ወረቀት ላይ ይታተማል። ቀጥሎ በዚያ ቀለም እንዲቀር የምፈልገውን ቦታ ከሊኖው ላይ ቀርጬ አነሳለሁ። የቀረው ገጽ ሁለተኛውን ቀለም ተቀብቶ በመጀመሪያው ላይ ያርፋል። ሥራው ሲያልቅ ሊኖው ላይ የመጨረሻው ቀለም ቅርጽ ብቻ ይቀራል፤ ያንን ሥዕል ዳግመኛ ማተም አይቻልም። ስለዚህ የቅጂው ብዛት የሚወሰነው መጀመሪያ ላይ ነው። ሃያ ቅጂ የሚፈልግ ሰው ሃያ አምስት ወረቀት አዘጋጅቶ ይጀምር፤ በየቀለሙ የሚበላሽ አይጠፋም።

ይህን ዘዴ በሰፊው ያስተዋወቀው ፒካሶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በደቡብ ፈረንሳይ፣ ቫሎሪስ ከተማ፣ ከአታሚው ኢዳልጎ አርኔራ ጋር ሆኖ የሠዓሊው ክራናክን የሴት ምስል መነሻ ያደረገ ባለ ብዙ ቀለም ኅትመት ሠርቶ ነበር። ለየቀለሙ ሌላ ሊኖ ስለቀረጸ አንዱን በሌላው ላይ በልኩ ማሳረፉ አድካሚ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ወደ አንድ ሊኖ ዞረ። አገራችን ውስጥ ደግሞ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሐንሰን ባሂያ በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የእንጨት ቅርጽ ኅትመት አስተምሯል፤ ዘሪሁን የትምጌታ ከእሱ ከተማሩት አንዱ ነው። እንጨት ግን ከሊኖ ይለያል፦ ጅማት አለው፤ መቅረጫውን ወደ ራሱ አቅጣጫ ይጎትታል። ሊኖ ጅማት የለውም፣ እጅ ወዳዘዘው ይሄዳል።

ሊኖሊየም የተልባ ዘይት፣ የቡሽ ዱቄትና ሙጫ ተቀላቅሎ በጁት ጨርቅ ላይ የተዳመጠ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ዋልተን በ1860ዎቹ የፈጠረው ለወለል ንጣፍ ነበር። በክረምት ጠዋት ይደርቅና መቅረጫው ስር ይፈረካከሳል፤ ጥቂት ፀሐይ ሲያገኝ ወይም ሲሞቅ ግን ይለሰልሳል።

ጀማሪ ሁሉ የሚጨነቀው ለመቅረጹ ነው። ለእኔ ግን የሙያው ልብ የቀለሙ ቅደም ተከተል ላይ ነው። አንድ ሥዕል ላሳይ፦ በምሽት የዝናብ ሰዓት አንድ የጭቃ ቤት፣ ዝገት የበላው ቆርቆሮ ጣሪያ፣ መብራት የበራበት መስኮት፣ ከኋላው ባሕር ዛፍ። ደንቡ ከፈካው ወደ ጠቆረው መሄድ ስለሆነ ቢጫው ይቀድማል፤ ወረቀቱን በሙሉ ይሸፍናል። ቀጥሎ የማነሳው መስኮቱን ብቻ ነው። ትንሽ አራት ማዕዘን፣ በቪ መቅረጫ ዙሪያዋን ሰንጥቄ፣ ውስጧን በሰፊው መቅረጫ እጠርጋታለሁ። ከዚህ በኋላ የሚመጣ ቀለም ሁሉ እሷን አይነካም። ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት መብራት ሥራው ገና ሳይጀመር ተወስኖ አልቋል ማለት ነው፤ በዚህ ዘዴ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ሁለተኛው የዝገት ቀለም ነው። ቀጭን አድርጌ አሳሳዋለሁ፤ የስሩ ቢጫ ብቅ እንዲል። ጣሪያው በዚህ ይቆማል፣ ይቀረጻል። ችግሩ ሦስተኛው ላይ ይመጣል። ሰማዩን ሰማያዊ ላድርግ ብል፣ ከስሩ ያለው ቢጫና ዝገት ስስ ሰማያዊን ወደ አረንጓዴና ቡናማ ይጎትተዋል። ብዙ ሰው ነጭ በብዛት ቀላቅሎ ይደፍነዋል። እኔ ለሰማዩ ጥቂት ነጭ እጨምራለሁ፤ ለጭቃው ግድግዳ ግን ሰማያዊውን ስስ እንደሆነ እተወዋለሁ። ከዝገቱ ጋር ተገናኝቶ የሚወጣውን የምሽት ግራጫ ከጣሳ ቀለም ላውጣ ብል አላገኘውም። ሁለቱን ሰማያዊ በአንድ ዙር ለማተም ለየቦታው ትንሽ ሮለር ይዞ መቀባት ይበቃል።

ወረቀቱ በየዙሩ እዚያው ቦታ ካላረፈ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ጃፓኖች ኬንቶ የሚሉት ጥንታዊ ዘዴ አላቸው፤ በሊኖ ሲሠራ፣ ሊኖው በተቀመጠበት ጣውላ ላይ የወረቀቱን አንድ ማዕዘንና አንድ ጠርዝ የሚይዙ ሁለት ማረፊያዎች ናቸው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ከተንሸራተተ በጣሪያው ጫፍ ላይ ቢጫ ክር ይታያል።

ከዚያ መጠበቅ ነው። በዘይት የሚሠራ የኅትመት ቀለም ከአየር ጋር ተገናኝቶ እንጂ እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፤ በክረምት ቀናት ይፈጃል። እርጥቡ ላይ ከታተመ አዲሱ ቀለም አይይዝም፣ አሮጌውንም ይነቅላል። ከመጠን በላይ ወፍሮ የደረቀ ደግሞ አብረቅራቂ ቆዳ ያወጣና ቀጣዩን ይገፋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቀለሞች ሁልጊዜ አሳስቼ አትማለሁ። ሮለሩ ቀለሙ ላይ ሲሽከረከር ድምፁ ስስ ፉጨት መሆን አለበት፤ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ድምፅ ካሰማ በዝቷል።

ለመጨረሻው ቀለም ጥቁር አልጠቀምም። ጥቁር ከስሩ የለፋሁባቸውን ሦስቱንም ይውጣል። ጥልቅ ሰማያዊና ቡናማ ቀላቅዬ ለባሕር ዛፉና ለጥላው አትማለሁ። በዚህ ሰዓት ሊኖው ላይ የቀረው ጥቂት ስለሆነ ሮለሩ ወደ ተቀረጸው ቦይ እየገባ ጭረት ይተዋል። አንዳንዶች ጭረቱን ሁሉ ያጸዱታል። እኔ ሰማዩ ላይ ወደ ዝናቡ አቅጣጫ ያዘነበለውን እተወዋለሁ፤ መስኮቱ አጠገብ ያለውን ግን አንድም ሳላስቀር ጠርጌ አነሳዋለሁ።