ክራርና ክፍተቱ

ድምፃዊ ከባንዱ ተለይቶ ብቻውን መድረክ ላይ ሲቆም ምን ያጣል? ምንስ ያተርፋል? በምኖርበት በአቃቂ ቃሊቲ ሠርግ ወይም የበዓል ዝግጅት ሲሆን ብዙ ጊዜ የምሰማው አንድ ሰው የሚጫወተውን ኦርጋን ነው። ድራሙም፣ ቤዙም፣ ትንፋሽ መሣሪያውም ከዚያው ሣጥን ይወጣል። ተጫዋቹ ብቻውን ነው፤ ነገር ግን ብዙ መስሎ ለመሰማት ይደክማል። በበኩሌ ይህን ብቸኝነት አልለውም።

ብቸኝነትስ የአስናቀች ወርቁ ነበር። ይህች የብሔራዊ ቴያትር ተዋናይት ክራሯን ይዛ ስትቀመጥ ሌላ አጃቢ አያሻትም ነበር። በ1975 እ.ኤ.አ. በወጣው አልበሟ ግን የዋሊያስ ባንዶቹ ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ ተማረ ሐረጉ በድራም አጅበዋታል። ሥራው በ2018 እ.ኤ.አ. እንደገና ታትሟል፤ ደጋግሜም አድምጬዋለሁ። አጃቢዎቹ ጨዋ ናቸው፤ ድምፅዋን አይሻሙም። ይሁንና የክራር አውታር ሲመታ ድምፁ ቶሎ ይከስማል። ከአንዱ ምት እስከ ሌላው ክፍተት ይቀራል። አስናቀች ያንን ክፍተት በትንፋሿና በቃል አጣጣሏ ትሞላዋለች፤ ተዋናይነቷ የሚታወቀውም እዚያ ላይ ነው። ኦርጋኑ ድምፁን አርዝሞ ሲይዝ ክፍተቱ ይደፈናል። ዜማው ይደምቃል፤ ቃሉ ግን ጥቂት ይደበዝዛል።

በባሕር ማዶም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። አሜሪካዊው ብሩስ ስፕሪንግስቲን በቤቱ ብቻውን በካሴት የቀረጻቸውን ዘፈኖች ከባንዱ ጋር ቢሞክራቸው የፊተኛውን ስሜት አጣባቸው። ስለዚህ ያንኑ የካሴት ቅጂ «ኔብራስካ» ብሎ በ1982 እ.ኤ.አ. አወጣው። ጉድለት የመሰለው ባዶነት የዘፈኖቹ አካል ኖሯል።

እንግዲህ ባንድ ይቅር ማለቴ አይደለም። ዋሊያስን የሰማ ሰው እንዲህ አይልም። የምለው፣ ባንድ የሌለው ሁሉ በሣጥን ባንድ መምሰል የለበትም ነው። አስናቀች በ2004 ዓ.ም መስከረም ላይ አርፋለች። የአቃቂ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ድምፅ ቢኖረው ባንድ የሚቀጥርበት ገንዘብ ከየት ያመጣል? ክራር ግን በብብት ይያዛል፤ መብራት ቢጠፋም ይሰማል። የሚጠይቀው አንድ ከባድ ነገር ብቻ ነው፦ የሚዘፈነው ግጥም ክፍተቱን ሊሞላ የሚችል መሆን አለበት። ደካማ ግጥም በኦርጋን ጀርባ ይደበቃል፤ በክራር ፊት ግን መሸሸጊያ የለውም። ወጣት ድምፃውያኖቻችን ክራርን የሚሸሹት አሮጌ ስለሆነ ነው ይባላል፤ እኔ ግን የሚሸሹት ስለሚያጋልጣቸው ይመስለኛል።